ስንት ለወጥክ?

ድርጅታችን ለከተማው ውኃ ያከፋፍላል፤ እኔ የድርጅቱን ድረ ገጽ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። "ባለሙያ" ያልኩት ራሴው ነኝ።

ደንበኛ በየዓመቱ ድረ ገጹ ላይ አድራሻውን ጽፎ ያረጋግጣል፤ ያላረጋገጠ ውኃው ይቆረጣል። "አስቀምጥ" የሚለውን ሲጫን የእኔ ፕሮግራም የደንበኞች መዝገብ የተከማቸበትን ዳታቤዝ "ስንት መዝገብ ለወጥክ?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ካለ "ተሳክቷል"፣ ዜሮ ካለ "አልተሳካም" ይላል። ይህን ስጽፍ በብልጠቴ ራሴ ተደንቄ ነበር። ዳታቤዙ ግን ድሮውንም ትክክል የሆነውን አይነካም። ስለዚህ ቤት ያልቀየረ ሰው ሁሉ ዜሮ ነው።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።

"አልተሳካም ይለኛል እኮ!"

"አሳስተሽ ጽፈሽ ይሆናላ።"

"አንተን ያሳደግኩበትን ቤት ነው የማሳስተው? ወይ ጉድ!"

ጥፋቱ የአንድ መስመር ነበር፤ "ስንት ለወጥክ?" የሚለውን "ስንት አገኘህ?" ማድረግ ብቻ። ለሥራ አስኪያጃችን ነገርኳቸው።

"ዜሮ ዜሮ ነው" አሉ ኮስተር ብለው። "ደንበኛዋ ለለውጥ ዝግጁ አይደሉም ማለት ነው።"

በማግስቱ መፍትሔው በር ላይ ተለጠፈ፦ "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ መጀመሪያ የተሳሳተ አድራሻ አስገቡ፤ ቀጥሎ አስተካክሉት።" ሰዉም ታዘዘ። አንድ ጡረተኛ ራሳቸውን እስር ቤት አስገብተው አወጡ። አንዲት ነርስ ቤቷን ወንዝ መሀል አድርጋ ማስተካከሉን ረሳችው፤ ቆጣሪ አንባቢያችን ወንዝ ዳር ቆሞ ስሟን ሲጣራ ዋለ። ሥራ አስኪያጁ "የለውጥ ቁጥራችን ጣሪያ ነካ" ብለው ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ። እኔም የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ። ከአዳራሹ ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

"ያቺን መስመር ግን ላስተካክላት?" አልኳቸው ከመድረኩ ስወርድ።

"ምን ነካህ? ለውጡን በለውጥ ልታበላሽብን ነው?"

አልነካኋትም። ሽልማት ይጣፍጣል።

አክስቴ ብቻ "በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ቤቴ አልዋሽም" ብላ እምቢ አለች። ውኃዋ ተቆረጠ። እኔም በየማለዳው ጄሪካን ተሸክሜ ደረጃዋን እወጣለሁ። ዛሬም እያለከለክኩ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት።

"እውነት ንገረኝ፤ ማስተካከል ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እና እስካሁን ምን ለወጥክ?"

"ምንም።"

ጄሪካኑን ወደ ውስጥ ሳበችው።

"በል እንግዲያ" አለችኝ በሩን እየዘጋችብኝ፣ "አልተሳካም።"