ያለ ጉዳይ የሚራመደው ሰው

ለመሆኑ ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ ይወጣል? ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ መቱ የተመለሰው ደረጄ ይወጣል። ጋዜጠኛ ነኝና ያየሁትን ልጻፍ፤ እቀናበታለሁም። እሑድ ዕለት በጎሬ መንገድ እየተጣደፈ ሲሄድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ የወጣው ሰው ለቅሶ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ተከተለው። ላገባት የምመኛት እታገኝ እንኳ ሻይ ቤቷን ዘግታ ሮጠች።

«አንተ ደረጄ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። እዚያ አገር ሰው ለጤናው ይራመዳል።»

«አቤት ሥልጣኔ!» አለችና እየሳቀች አብራው ተራመደች።

በማግስቱ እኔም ደረቴን ነፍቼ በሻይ ቤቷ በር ላይ በፍጥነት አለፍኩ። እታገኝ ብቅ አለች።

«ውይ ጋሼ! መኪና አመለጠዎት እንዴ?»