ለፀጉሬ የተተከለው ድንኳን

ትናንት ከሚስቴ ከጥሩወርቅ ጋር ተኳርፌ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁና ዓለም ተገልብጣ አየኋት። የተኳረፍነው በመድኃኒቱ ነው። አንገቴ ሥር የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ተብሎ ኬሞ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፤ ሦስተኛው ዛሬ ጠዋት ነበር። እኔ ደግሞ አልሄድም አልኩ።

"ጎረቤታችን ደርቤ ነግሮኛል" አልኳት። "ኬሞ ማለት ሐኪም ተስፋ ለቆረጠበት ሰው የሚሰጥ መሸኛ ነው።"

"ደርቤ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው?" አለችና መብራቱን አጠፋችው።

እንግዲህ በዚህ ኩርፊያ ተኝቼ ነው ያለምኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የጥሩምባ ድምፅ ነበር። እኔ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ እየዞርኩ የምለፍፈው እኔ ስለሆንኩ፣ የአዳማ ሕዝብ በሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንኳ ሰላምታውን ያሳጥራል። ከታመምኩ ወዲህ ግን "ትንፋሽ የለህም፣ አትድከም" ተብዬ ጥሩምባዋን ደርቤ ወስዷታል። ይሄ ከበሽታው እኩል ያንገበግበኛል፤ ብደብቀው ምን ያደርግልኛል።

በሕልሜ ደርቤ ጥሩምባዋን አይነፋም፤ ጥሩምባዋ ናት ደርቤን የምትነፋው። ጀርባው ላይ ተለጥፋ እፍ ስትልበት፣ እሱ በአፉ ይጮኻል።

"እድርተኛ ሁሉ ስማ። የጋሽ ቸርነት ፀጉር ስላረፈ ከለቅሶው እንዳትቀር።"

ስወጣ ድንኳኑ ተገልብጦ ተተክሏል። ካስማው ሰማይ ላይ ተመትቷል፤ ጣሪያው መሬት ላይ ተነጥፏል። ወንበሮቹ ሰዎቹ ላይ ተደላድለው ካርታ ይጫወታሉ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ያለቅሳል። ሪዜ ከአፍንጫዬ ሥር ወርዶ ከፊት ተቀምጧል፤ የሟች ወንድም ስለሆነ ነው መሰለኝ ሰው ሁሉ እየጎነበሰ ያጽናናዋል። እኔን ግን ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

"ምን ሆኖ ሞተ?" አልኩት ደርቤን።

"ድንገት ነው። ትራስ ላይ ወድቆ ተገኘ።"

"ታሞ ነበር?"

"ኧረ ደህና ነበር። ትናንት እንኳ ተበጥሮ አይቼዋለሁ።"

ይሄኔ የሬሳ ሳጥኑ ተከፈተና ፀጉሬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። አለባበሱ የመንገደኛ ነው፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

"እናንተ ሰዎች፣ ማን ሞተ አላችሁ?" አለ። "እኔ እረፍት ወጥቼ ነው። ሶደሬ ደርሼ ልመጣ ነው።"

"ትመለሳለህ?" አልኩት።

"ሕክምናው ሲያልቅ እመለሳለሁ። ምናልባት ትንሽ ተጠቅልዬ እመጣ ይሆናል፤ እንዳትደነግጥ።"

ደርቤ ተቆጣ። "ንፍሮ ተቀቅሏል እኮ" አለው። "ንፍሮ ከተቀቀለ በኋላ አልሞትኩም ማለት ነውር ነው።"

ፀጉሬ አልሰማውም። ፎጣውን አስተካክሎ ሄደ። እኔም ተከትዬው ልሄድ ስል ሳጥኑ ባጃጅ ሆኖ አገኘሁት። ተሳፋሪው ከፊት ይነዳል፤ ሾፌሩ ከኋላ ተቀምጦ "ወራጅ አለ" ይላል። ደርቤ ሳይጠራ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባጃጁ ኋሊት እየሄደ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰን።

በሩ ላይ የተሰለፉት ሐኪሞች ናቸው። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ካርዳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንዱ አዛውንት ሐኪም ኮፍያውን አውልቆ እጄን ያዘኝ።

"ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት። ዛሬ ታካሚ ይቀበለኛል?"

"ነገ ይምጡ" አልኩት። እንዲህ ማለት እንዴት ደስ እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ውስጥ ስገባ አልጋው ሁሉ ተይዟል። የተኙት ግን ጠያቂዎች ናቸው። ታካሚዎቹ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ብርቱካን እየላጡ ያጎርሷቸዋል። ጉሉኮስ መስቀያውን ይዛ የምትዞር አንዲት ነርስ መጣች። ሲስተር ዘቢደር ናት፤ በእውነተኛው ሆስፒታል ውስጥ ሁልጊዜ መርፌውን የምትተክልልኝ እሷ ናት።

"እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የተኙት?" አልኳት።

"አውርተው ነው አባቴ። እዚህ አገር መድኃኒቱ የሚገባው በሽተኛው ክንድ ውስጥ ነው፤ ሕመሙ ግን የሚወጣው አሉባልታውን ባወራው ሰው ላይ ነው።"

እውነቷን ነው። "ኬሞ የጀመረ ሰው ከአልጋ አይነሳም" ያለችው የሰፈራችን ሴትዮ ከአልጋዋ ጋር ተጣብቃ፣ ሽንት ቤት ስትሄድም ፍራሹን ተሸክማ ነው። "ያስመልሳል፣ እህል አያስቀምስም" ያለው ሰውዬ ባልዲ ታቅፏል። "ይተላለፋል" ብሎ በር የዘጋብኝ ባለሱቅ ደግሞ ራሱን ትልቅ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከትቶ፣ በክዳኑ ቀዳዳ አጮልቆ ያየኛል።

ከጎኑ ግን አንዲት ታካሚ አስተማሪ መርፌው ክንዷ ላይ እያለ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ከሷ ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ በእጁ ክኒኑን ይዞ ውሃ ይጠይቃል።

"ይሄም ኬሞ ነው?" አልኩት ክኒኑን እያየሁ።

"አዎ። የኔ በአፍ የሚዋጥ ነው። ውጬ ሥራ ልገባ ነው።"

ልዋሽ አልችልም፤ መድኃኒቱ የእኔን ሰውነት አላባበለውም። ሁለቱንም ጊዜ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመልሶኛል፤ አፌ የሳንቲም ጣዕም አምጥቷል፤ ከበር እስከ አልጋ መሄድ ዳገት ሆኖብኛል። ይህንንም በሕልሜ ለሲስተር ዘቢደር ነገርኳት።

"ለምን አልነገሩንም?" አለች። "የማቅለሽለሹን ማስታገሻ እንቀይርልዎት ነበር እኮ። ደግሞ ከእርስዎ ወደ ሰው የሚሄድ በሽታ የለም። ይልቅ ጉንፋን የያዘው ሰው እርስዎ ዘንድ እንዳይመጣ። ከበሽታ መጠበቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።"

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ባለሱቅ ይህን ሲሰማ አስነጠሰ። ሲስተር ዘቢደር ክዳኑን ጠበቅ አደረገችበት።

ደርቤ ግን እጄን ይጎትተኝ ጀመር። በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለ ጥቁር በር ወሰደኝ። "የመጨረሻው በር ይሄ ነው" አለ። "ኬሞ የተባለ ሁሉ በዚህ ነው የሚወጣው። ከዚህ ወዲያ የለም።" ትናንት ማታ ከጥሩወርቅ ጋር ያጣላኝ ይሄው በር ነው። ልጄን ሳልድር፣ ጥሩምባዬን ሳላስመልስ፣ በዚህ በር ልወጣ ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

በሩ ተከፈተ። ወዲያ ማዶ የባጃጅ ተራ ነው። ረዳቶች "ፖስታ ቤት፣ ፍራንኮ" እያሉ ይጣራሉ። ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። የሚሞትም አለ፤ አንዱ በቃሬዛ ሲያልፍ አይቻለሁ። ግን አብዛኛው ሰው በባጃጅ ዋጋ ይከራከር ነበር። ሊሞት የሚሄድ ሰው በባጃጅ ዋጋ አይከራከርም።

በሩ ሥር አንድ ወፍራም ሰውዬ ክትፎ ይበላል። አንዱን ሳህን ሲጨርስ ሌላ ይቀርብለታል። የሚያልፈውን ሰው ጆሮ ይዞ ያንሾካሹክለታል። የለበሰው የእኔን ኮት ነው፤ ለልጄ ምርቃት ያሰፋሁትን ቡናማ ኮት።

"ወንድሜ ቸርነት" አለኝ፣ አፉን እየጠረገ። "ለአንተ አዝኜ ነው። ነገ አትሂድ። ያ መድኃኒት ይገድልሃል።"

"አንተ ማን ነህ?"

"ደባልህ ነኝ። አንገትህ ሥር ነው የምኖረው።"

አየሁት። ኮቱ ሰፍቶታል። ትከሻው ወርዶ እጅጌው ጣቱን ሸፍኖታል።

"ይሄ ኮት ስትሰርቀኝ ጠቦህ አልነበረም?" አልኩት።

ሰውዬው ሳህኑን አስቀመጠ። "ከባለፈው ወዲህ ትንሽ ከስቻለሁ" አለ። "ለብርቱ ነገር አይደለም።"

ሲስተር ዘቢደር ጉሉኮሱን እየገፋች መጣች። ደባሌ ሲያያት ላብ አጠመቀው፤ ደርቤ ጀርባ ተደበቀና ከዚያ ሆኖ ያንሾካሹክለት ጀመር። ደርቤም የሰማውን ቃል በቃል ይደግመዋል። "መሸኛ ነው። ተስፋ ሲቆረጥ ነው። አትሂድ።" ባወራ ቁጥር የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ እየረገፈ ጫማው ላይ ይወርዳል።

"ለእኔ ካዘንክ አንተን ለምን ያልብሃል?" አልኩት ደባሌን።

"አንድ ቀን ብቻ ባትሄድ ምን አለበት?" አለና አለቀሰ። "አንድ ቀን ብቻ፣ ቸርነት።"

ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ከታመምኩ ወዲህ የለም። ክንዴን ለሲስተር ዘቢደር ዘረጋሁላት። ደባሌ ደርቤን "ንፋው፣ ለፍፍበት" አለው። ደርቤም ጥሩምባዋን አነሳ።

ነቃሁ። ጥሩምባው ግን አልቆመም።

"እድርተኛ ሁሉ ስማ" ይላል ውጪ የደርቤ ድምፅ። "ጋሽ ቸርነት ስላረፉ፣ ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ እንዳትቀር።"

አጠገቤ ጥሩወርቅ የለችም። አንገቴን ዳሰስኩ፤ እብጠቱ ያነሰ መሰለኝ፤ የሕልሙ ይሁን የመድኃኒቱ አላውቅም። ከሁሉ ያናደደኝ አነፋፉ ነው። ለሞት ረዘም ተደርጎ ተነፍቶ ይቆረጣል እንጂ እንዲህ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ አይንጫጫም።

በፒጃማዬ፣ በመላጣዬ ወጣሁ። ሁለት የእድር ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶ በራችን ላይ አቁመዋል። ደርቤ ሲያየኝ ጥሩምባዋ ከእጁ ልትወድቅ ነበር።

"ማን ሞተ አለህ?" አልኩት።

"ጥሩወርቅ..." አለ። "ጥሩወርቅ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትሮጥ አየኋት። አንተ ደግሞ ኬሞ ላይ ነህ። ሌላ ምን ልበል?"

ይሄኔ ባጃጅ መጥታ ቆመች። ጥሩወርቅ ከውስጧ ወረደች፤ ነጠላዋ እውነትም ተዘቅዝቋል። "በጨለማ ነው ያጣፋሁት" አለች። "ባጃጅ ልጠራ ነው የወጣሁት። ምን ሆናችኋል?" ድንኳኑን አየች፤ ምሰሶውን አየች፤ ደርቤን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?" አለች፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቶታል።

ጥሩምባዋን ከደርቤ እጅ ተቀበልኩ። ትንፋሽ የለህም ብለውኝ ነበር። አየር ሳብኩና ነፋሁ፤ ረዘም አድርጌ ቆረጥኩት።

"እድርተኛ ሁሉ ስማ" አልኩ። "ጋሽ ቸርነት አላረፉም። ኬሞ ሊወስዱ ስለሆነ፣ ሸኚ እንዳይቀር። ድንኳኑም አይነሳ፤ ስመለስ ፀሐይ አልፈልግም።"

ባጃጇ ውስጥ ገባሁ፤ ጥሩወርቅም ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች። ደርቤ በእፍረት ሊሳፈር አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ቆመ።

"አይተላለፍብኝም አይደል?" አለ።

"ጉንፋን ይዞሃል?"

"ኧረ አልያዘኝም።"

"እንግዲያው ግባ፤ እኔም አልፈራህም። ብቻ እዚያ እስክንደርስ ስለ ኬሞ አንድ ቃል እንዳታወራ።"

"ባወራስ?"

ጠጋ ብዬ ቅንድቡን አየሁለት። "አሁንም ሳስቷል" አልኩት።

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ በሁለት እጁ ቅንድቡን እንደያዘ ሄደ።