ስንጥቁን ሊደግፍ የመጣው አሸዋ

(የነዳጅ ጉድጓድ በሚሠራበት ግቢ፣ የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ። “ሊቁ” የሚሉት የአሸዋ ገማቹ ከረዳቱ ከ“ፈዘዝ” ጋር ይጨቃጨቃል። ፈዘዝ የሚስቱ ወንድም ነው። መስኮቱ በአቧራ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም።)

ፈዘዝ፦ እና ጋሼ፣ መልሰን በአሸዋ ልንሞላው ከሆነ ድንጋዩን በውኃ ግፊት መሰንጠቁ ለምን አስፈለገ?

ሊቁ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ። አሸዋው ስንጥቁን ደግፎ ይይዘዋል፤ ነዳጁ በመሃሉ ሾልኮ ይወጣል። የምንሞላው እንዳይዘጋ ነው።

ፈዘዝ፦ እንዳይዘጋ እንሞላዋለን።

ሊቁ፦ አዎ። እናታችሁ የወለደችውን አእምሮ ሁሉ እህትህ ናት ጠቅልላ የወሰደችው?

ፈዘዝ፦ እሷማ አንተን አገባች።

ሊቁ፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ይልቅ ስማ። ከምሳ በፊት ውኃውንና አሸዋውን የሚገፋው የፓምፕ መኪና ገብቶ ካልጀመረ እኔ ከሥራውም መሥሪያ ቤቱ ከሰጠኝ ቤትም ከነሻንጣዬ ነው የምባረረው። አለቃው ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?

ፈዘዝ፦ ጠዋት ያስጠናኸኝን። “ገማቹ ሊቁ ነው፤ እኔ ሞኝ ነኝ፣ ምንም አላውቅም።”

ሊቁ፦ ጎሽ። የስንጥቁን ርዝመት፣ ቁመትና ስፋት አባዝቼ አምስት ገልባጭ አሸዋ አገኘሁ። ለማንኛውም ብዬ ዐሥር አልኩ። ብልህ ሰው እጥፍ ያዛል።

ፈዘዝ፦ ይህንንማ ከአፍህ ስለማትለየው እኔም ትናንት ሃያ ብዬ አዘዝኩ።

ሊቁ፦ ሃያ? (ትንሽ አስቦ) ይሁን፣ ትርፍ አይጎዳም።

ፈዘዝ፦ ሻጩም “እነሱ ሁልጊዜ ያንሳቸዋል” ብሎ አርባ ላከ።

ሊቁ፦ አርባ ገልባጭ የት ተራገፈ?

ፈዘዝ፦ የት ይራገፍ ብዬ ስጠይቅህ “ይህንንም እኔ ላስብልህ? ባገኛችሁት ቦታ ድፉት” አልከኝ። ግቢው ሲሞላ የቀረውን የግቢው በር ላይ ደፉት።

ሊቁ፦ ፓምፑስ?

ፈዘዝ፦ ውጭ ቆሟል። አለቃውም አብሮት። ስንጥቁ እንዳይዘጋ ያመጣነው አሸዋ በሩን ዘጋው።

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) አንድ ሺህ ሜትር ከመሬት በታች ያለውን ለካሁ እኮ።

ፈዘዝ፦ ግቢውን ግን አልለካኸውም። አለቃውም ከውጭ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ “ይህን የገመተው የትኛው ሞኝ ነው?” አለኝ።

ሊቁ፦ አንተስ?

ፈዘዝ፦ እንዳስጠናኸኝ መለስኩ፦ “ሞኙ እኔ ነኝ፤ የገመተው ግን ሊቁ ነው።”

ሊቁ፦ አለቀልኝ በቃ።

ፈዘዝ፦ አይዞህ ጋሼ። ለእህቴ ደውዬ ሻንጣ አዘጋጂ ብያታለሁ። ሁለት።

ሊቁ፦ ለምን ሁለት?

ፈዘዝ፦ ለማንኛውም።