«ዝለይ እንጂ!» ባዩ አባት

ልጁ ስፖርት ስትሠራ አጥር ተደግፎ ትእዛዝ የሚሰጥ ወላጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ።

የሰባት ዓመቷ ልጄ ማክዳ ገመድ መዝለል አቅቷት ነበር። ፒያሳ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤቷ፣ በወላጆች ቀን፣ ገመዱ እግሯ ላይ በተጠመጠመ ቁጥር እኔ ከዳር ሆኜ እጮሃለሁ።

«ዝለይ እንጂ! እኛ የዶሮ ማነቂያ ሰፈርን አጥር ሁሉ ስንዘል ነው ያደግነው!»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። የስፖርት አስተማሪዋ ግን ፈገግ ብላ፣ «የማክዳ አባት፣ እስቲ ይምጡና ያሳዩዋት» አለችኝ።

ያን ሁሉ ከፎከሩ በኋላ እምቢ ይባላል? ኮቴን አውልቄ ገባሁ። ገመዱን አሽከረከርኩና ተነሣሁ። ይቅርታ፣ የተነሣው ቦርጬ ነው፤ እግሬ መሬቱን አልለቅም አለ። በደረቴ ተዘረጋሁ። ወላጁ ሁሉ መጀመሪያ «እኔን!» አለ፤ ቀጥሎ ሳቀ።

ማክዳ ሮጣ መጥታ የሱሪዬን አቧራ አራገፈችልኝ።

«አይዞህ አባዬ፣ እኔም እንደዚህ ነው የምወድቀው» አለችኝ።

ከዚያ እየሳቀች ገመዱን አነሣችና ዘለለች። ደገመች። ቀጠለች።

ዘግይታ የደረሰችው ባለቤቴ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ምን ብለህ አስተማርካት?» አለችኝ።

«ምንም አላልኳት» አልኩ፤ «ወደቅኩላት።»