ሃምሳ አለቃ አብተው ከመኪና ሥር

ከናዝሬት በሞጆ በኩል እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ጀግና የሌለው ከተማ የለም። ውሃ የሌለው አለ፣ መብራት የሌለው ሞልቷል፤ ጀግና የሌለው ግን በፋኖስ ብትፈልጉ አታገኙም። የዝዋዩ ጀግና ጉማሬ በጥፊ መትቷል። የሞጆው ባቡር በእጁ አቁሟል። የናዝሬቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ የወረደው ከሰማይ ነው።

ክቡር ሃምሳ አለቃ አብተው፣ የቀድሞ አየር ወለድ፣ የዛሬ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር፣ በምሥራቁ ጦርነት ከአውሮፕላን ዘሎ፣ እግሩን ሰብሮ፣ በክብር ተሰናብቶ የመጣ ሰው ነው። ይህን ያህሉ እውነት ነው፤ ማንከሱ ይመሰክራል። ከዚህ የተረፈው እንደ ቢራው ብዛት ነው። በመጀመሪያው ጠርሙስ የአውሮፕላኑ ከፍታ የዝቋላን ተራራ ቢያክል ነው። በሁለተኛው ደመናው ከሥሩ ይቀራል። በሦስተኛው ጣናንና ቀይ ባሕርን ባንድ ዓይን ያያል። ከዚያ በላይ ከጠጣ ደግሞ መሬቲቱ ብርቱካን አክላ እየታየችው፣ እሱ ግን የናዝሬትን ገበያ ቆርቆሮ ለይቶ አውቋል። የሚጠራጠር ሰው ከተገኘ መልሱ አንድ ነው፦ “መጀመሪያ ዝለል፣ ከዚያ ጠይቀኝ።”

መኪናዋንም ቢሆን እንደ ሾፌር አይደለም የሚያዛት። አንድ ቀን መቂ ላይ ወይዘሮ ጉዲቱ የሚባሉ ባልቴት ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው ከሽንኩርቱ ጭነት ላይ ሊወርዱ ሲሉ አስቆማቸው። እናቴ፣ እግር ይግጠሙ፣ ጉልበት ያላሉ፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ምልክት ሳልሰጥ እንዳይንቀሳቀሱ አላቸው። ሴትዮዋ ገበያ መሄዳቸው እንጂ ዘመቻ አለመሆኑን ቢያስረዱም አልሰማም። ይህ ሲሆን አንደኛዋ ዶሮ አምልጣ ቀድማ ወረደች። አብተው በአድናቆት አያትና፣ “ችሎታስ አላት፤ የጎደላት ዲሲፕሊን ነው” አለ።

እህል የሚፈተሽበት አንድ ኬላ አለ፤ የማንንም ጆንያ በብረት ሳይወጉ አያሳልፉም። የአብተውን ሞተር ድምፅ ሲሰሙ ግን ገመዱን ከሩቅ ይጥሉለታል። ምክንያቱም አንድ ቀን፣ ምን ጭነሃል ብለው ቢጠይቁት፣ ከደብረ ዘይት ሥልጠናው ጀምሮ ነገራቸው። ገና በወሬው አውሮፕላኑ ሳይነሳ ከኋላው የቆመው የመኪና ሰልፍ ከተማ ደርሶ ነበር ይባላል።

ይህ ሁሉ ግን እስከ ቡልቡላ ነው። ቡልቡላ ላይ ዘርፉ የምትባል ልጃገረድ ሻይ ቤት አላት። አብተው ጎማ ላብርድ ብሎ ይቆማል፤ ሻይ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ሰማይ የማይበቃው ጉራ ባንዲት ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ሲከፍል እንኳ በጭንቅላቱ ነው የሚናገረው።

በመጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት። “ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ጎማ ስንት ዓመት ነው የሚበርደው?” አለችው። ከዚያ ቁርጡን ነገረችው። የዝዋይ ዓሣ ነጋዴ ሽማግሌ ልኳል፤ አባቷ ኦቦ ኢተፋ በመጪው እሑድ ቃል ሊሰጡት ነው። እሷ በበኩሏ ዓሣ አትወድም። ቀሪው የአብተው ፈንታ ነው።

አብተው ሁለት ሽማግሌ አስነሳ፤ ጡረተኛው መምህር አቶ ወልደአማኑኤልና፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያዘንቡት ኦቦ መርዳሳ። ቅዳሜ አውቶቡስ ጠፋ። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? እንግዲህ አማች ሊሆን የሚለምነው ሰው ራሱ ሽማግሌዎቹን በኤንትሬ ጭኖ ሄደ። ነውር ነው፤ ሚስት የሚጠየቅለት ሰው በዚያ ቀን በዚያ ደጅ ዝር አይልም። ሐሳቡም ከቡልቡላ ከተማ ዳር አውርዷቸው ሊሰወር ነበር። ነገር ግን የአቶ ወልደአማኑኤል ሪህ ተነሣ፣ አንድ እርምጃ አልራመድም አሉ፤ እስከ አጥሩ ድረስ ማድረስ ግድ ሆነ። ሽማግሌዎቹን አውርዶ መኪናውን ሊያዞር ሲል ኦቦ ኢተፋ ብቅ አሉ። አብተው ምልክት ሳይጠብቅ ዘለለና ከመኪናው ሥር ገባ።

“በገ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ” ብለው ተቀበሏቸው ኦቦ ኢተፋ። ቤቱ ይሞቃል አሉና አግዳሚውን ከውጭ አስወጡ፤ ያስቀመጡትም ጥላ ፈልገው ከኤንትሬዋ ጎን ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ኦቦ ኢተፋ አዳመጡ።

“ሰውየውን በዝና አውቀዋለሁ” አሉ። “ከሰማይ ወርጃለሁ ይላል። ምድር ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አያድርም። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ የሚገባው መቼ ነው?”

አቶ ወልደአማኑኤል ሊያሳምኑ ብለው ዝላዩን አነሡ፤ ሞቅ አላቸውና ቢራ ሳይቀምሱ ቀይ ባሕር ደረሱ። ኦቦ ኢተፋ ጎንበስ አሉ።

“ከሥር እግሩ የሚታየው ማነው?”

“መካኒኩ ነው” አሉ ኦቦ መርዳሳ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

“ጥሩ። ሾፌርን ከመካኒኩ በላይ የሚያውቀው የለም። አንተ ልጄ፣ ሥራህን ሳትፈታ ንገረኝ። ይህ አብተው የተባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?”

ጉረኛ ሁሉ የሚመኘው ዕድል ይህ ነው፤ ራስን በሌላ ሰው አፍ ማመስገን። ምላሱ ላይ ደመናው፣ ጣናው፣ ብርቱካኑ ተሰለፈ። ያን ጊዜ በጎማዎቹ መካከል ከቤቱ በር ላይ የቆመ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አየ። የዘርፉ ነው። እሷ ደግሞ ድምፁን ታውቃለች።

“ጉረኛ ነው” አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ኢተፋ፣ ቀጥል አሉት።

“መዝለሉ እውነት ነው፣ አባባ። ግን ከአውሮፕላኑ በር ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። ከኋላው የነበረው ጓደኛው ነው የገፋው። ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ፣ አንድም ነገር አላየም። ጓደኛው ዘሎ አልተመለሰም።”

“ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ያወራል?”

“ዝም ካለ ያ የሞተ ጓደኛው ይመጣበታል።”

“እዚህ ልጄ ዘንድ ሲመጣ ግን አያወራም አሉ።”

ከመኪናው ሥር የሚታየው እግር ወደ ውስጥ ተሰበሰበ።

“እዚህ አይመጣበትም” አለ።

ኦቦ ኢተፋ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

“ከሰማይ ለወረደው ሾፌራችሁ የምሰጠው ልጅ የለኝም” አሉ። አቶ ወልደአማኑኤል ምርኩዛቸውን አነሡ። “ለመካኒኩ ግን ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ፤ እሱም ይውጣና ይታጠብ።”

ዘርፉ ውሃና ሳሙና ይዛ መጥታ ከጎማው አጠገብ ተቀመጠች። ጀግናችን ግን ቶሎ አልወጣም። ዘይት ዓይኔ ገብቷል፣ ትንሽ ታገሱኝ አለ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ዘይት ነው ያለውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያስተባበለበት ሰው የለም።