የሰባት ቀን ርኅራኄ

የፕሮቶኮል ሹሙ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ባሕር የተሻገረበት ሳምንት ለመጪው ትውልድ በጽሑፍ ሊቆይ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ልብ በየቢሮው አይገኝም። ሹሙ ለስብሰባ ወንበር ሲደረድር እንኳ በርኅራኄ ነው፤ ለኃላፊዎች ባለ መደገፊያውን፣ ለቀረው ሕዝብ የተገኘውን።

ለዚህ ቅዱስ ዓላማ የዓመት ፈቃዱን ሠዋ። እርግጥ ፈቃዱ አስቀድሞ ለሌላ ጉዳይ ተይዞ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ብስክሌት ሊያስተምራት ቃል ገብቶላት ነበር። ብስክሌቱ ከተገዛ ዓመት ሞልቶታል፤ ጎማው ግን መሬት አልነካም።

«አባዬ፣ ሳይክሉስ?» አለችው ሻንጣውን ሲሸክፍ።

«የኔ ቆንጆ፣ አባት የሌላቸው ልጆች እየጠበቁኝ ነው።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። «እነሱም ሳይክል መንዳት አይችሉም?»

ሹሙ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ወደፊትም በትኩረት እንደሚታይ ገልጾ ሻንጣውን ዘጋ።

መሥሪያ ቤቱ ደማቅ ሽኝት አደረገለት። ዋና ኃላፊው «የተቋማችንን ርኅራኄ በተቀናጀና ዘላቂነት ባለው መልኩ፣ ለሰባት ቀን» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ፎቶግራፍም በመግቢያው ላይ በክብር እንደሚሰቀል አበሰሩ። ሹሙ ሕፃን አቅፎ፤ ቢቻል ሕፃኑ እያለቀሰ።

አብሮት የሄደው የልብ ጓደኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። የልጆቹን ፀጉር በነፃ ሊቆርጥ መቀሱንና ቶንዶሱን ይዞ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ደስታው አላስቀምጠው ብሎ ነበር።

ማሳደጊያው ሲደርሱ ግን ያልታሰበ እጥረት ገጠማቸው። ግቢው ውስጥ ሠላሳ ስምንት በጎ ፈቃደኞችና አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። አሥራ አንዱም ሙልጭ ተደርገው ተላጭተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ፀጉር አስተካካዮች መጥተው ነበር።

«ምናለ ለወሬ ነጋሪ እንኳ አንድ ጎፈሬ ቢተዉልኝ!» አለ ጓደኛው። ባዶ እጁን ከሚመለስ ብሎ የሹሙን ራስ ላጨው።

መተቃቀፍ በቀጠሮ ነው። የማሳደጊያው ኃላፊ፣ ረጋ ያሉ ሴትዮ፣ መዝገባቸውን ገልጠው «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለአሥር ደቂቃ» ብለው ጻፉት። እስከዚያው ግድግዳ እንዲቀባ ተፈቀደለት። ሰኞ ሰማያዊ የቀባውን ግድግዳ ማክሰኞ ሌላ ቡድን መጥቶ ቢጫ አደረገው፤ ረቡዕ ሹሙ በቁጭት ወደ ሰማያዊው መለሰው።

ሐሙስ የተመደበችለት ልጅ በሰዓቷ መጣች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሒሳብ ደብተሯን ብብቷ ሥር ወሽቃለች። በየሳምንቱ ከሚመጣው እንግዳ ስትለቃቅም የሹሙን ቋንቋም ችላዋለች።

«ጋሼ፣ ቆመው ነው ተንበርክከው?»

«ምኑን?»

«የሚያቅፉኝ። ብዙዎቹ ተንበርክከው ነው፤ ፎቶው ያምራል።»

«እንግዲያው... ተንበርክኬ።»

«ላልቅስ?»

«ካላስቸገርኩሽ» አለ ሹሙ በትሕትና።

«ነገ ፈተና አለኝ፤ ቶሎ በሉ» አለችና በሁለቱም ጉንጯ እኩል እንባ አወረደች። ጓደኛው ፎቶውን አነሳ። ልጅቷ ፊቷን ጠራርጋ ደብተሯን ገለጠች።

«እርስዎ ልጅ አለዎት?»

«አለችኝ፤ እኩያሽ ናት።»

«እሷን በስንት ሰዓት ነው የሚያቅፏት?»

ሹሙ የቀጠሮ ማስታወሻውን ሲያገላብጥ አሥር ደቂቃው አለቀ፤ ከኋላው የቆመችው በጎ ፈቃደኛ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ቅዳሜ እንደተላጨ፣ ፎቶውን በደረቱ ታቅፎ አገሩ ገባ። ከታክሲው ሲወርድ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ብርቱካናማ ቲሸርት የለበሱ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች የግቢውን በር ሰማያዊ ይቀባሉ። አንዲት ሦስተኛዋ የብስክሌቱን ኮርቻ ይዛ ከልጁ ኋላ ትሮጣለች። ልጁ በሳቅ ፈንድታለች።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለ ሚስቱን።

«በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሰፈሩ አባት የሌላት ልጅ አለች ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ለሰባት ቀን የምትሆን አለች አልኳቸው።»

«ልጄ!» ብሎ እጁን ዘርግቶ ሮጠ። ካሜራ የያዘ ጎረምሳ በትሕትና ክንዱን ይዞ ከፎቶው አስወጣውና ተራ ከያዙት መጨረሻ አቆመው። ሹሙ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው መስተንግዶ በሥራ ዘመኑ አይቶ አያውቅም።

ልጅቱ ብስክሌቷን አቁማ መላጣውን አየችና አዘነችለት።

«አይዞህ አባዬ፤ ማክሰኞ ይሄዳሉ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍት ነኝ።»

ሹሙ «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ግን ፎቶግራፉ በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ የሚሰቀልበት ሰዓት ነበር፤ ወንበር የሚደረድረውም እሱ ራሱ ነው።