የባህር ዛፍ አፈሙዝና የቀርከሃ አፈሙዝ

ጠመንጃ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ሁሉ የጠመንጃ ሊቅ ነው። አትቆጡ፣ ራሴንም ጨምሬ ነው። አፈሙዝ ይክበድ ወይስ ይቅለል በሚል ክርክር አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ለጥቂትም ነፍሱን ከማጣት የተረፈ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ያውም ጠመንጃው የእንጨት ነበር።

ዛሬ ብዕር ይዤ ብታዩኝም በደርግ ጊዜ አናጢ ነበርኩ። ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ በርና መስኮት የምሠራባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ ወርቁ ከች አሉ። ሃምሳ አለቃ ከጦሩ በጡረታ ወጥተው የቀበሌያችንን ሰልፈኞች የሚያሠለጥኑ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ድምፃቸው አይደለም።

«ለአብዮቱ በዓል ሰልፍ ሠላሳ ጠመንጃ ትሠራለህ» አሉኝ።

«የምን ጠመንጃ?»

«የእንጨት ነዋ! እውነተኛውን ለእኛ ማን አምኖ ይሰጠናል?»

ጠመንጃውን የሚሸከሙት የቀበሌው ሴቶች ናቸው። ሃምሳ አለቃ እንደሚሉት አፈሙዙ ደንቡን የጠበቀ፣ ከድፍን ባህር ዛፍ የተጠረበ መሆን አለበት። «ትከሻ ያላሳመመ ጠመንጃ ጃንጥላ ነው» ብለው ሄዱ።

እሳቸው ከመውጣታቸው እትዬ ዘነበች ገቡ። እትዬ ዘነበች ጎረቤቴና የሰልፈኞቹ መሪ ናቸው። ከዚያ በላይ ግን፣ ወንደላጤነቴ አሳዝኗቸው በየቀኑ ምሳ የሚልኩልኝ ሴት ናቸው።

«ስማ ልጄ፣ ይኼ ሰባት ልጅ ያዘለ ትከሻ ነው» አሉ ትከሻቸውን እየነካኩ። «ከዚህ ተነሥቼ ጦር ኃይሎችን አልፌ እስከ አደባባዩ በእግሬ ልሂድ፣ መፈክር ልጩህ፣ ፀሐይ ይምታኝ... በዚያ ላይ ግንድ ልሸከም? ቀለል ያለ አድርግልኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በአንድ በኩል የሃምሳ አለቃ ቁጣ፣ በሌላ በኩል የእትዬ ዘነበች ሽሮ። ጉዳዩ ስብሰባ ቀረበ። ያኔ ስብሰባ የማይቀርብ ጉዳይ አልነበረም። አንዱ ተነሥቶ ከባድ አፈሙዝ የሴቶችን ጭቆና ያራዝማል አለ። ሌላው ደግሞ ቀላል አፈሙዝ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ነው ብሎ ሂስ አቀረበ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፦ ምርጫው ለባለሙያው ይተው፣ ነገር ግን የሰልፉ ዕለት አንዳች ነገር ቢበላሽ እንደ አሻጥር ይቆጠራል።

አሻጥር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ለጥያቄ ይፈለጋል ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ይፈለጋል። ስለዚህ ያን ወር እጄ መጋዝ ላይ፣ ሐሳቤ ነፍሴ ላይ ነበር።

ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ሠርቼ አየሁ። የባህር ዛፉ አፈሙዝ ግርማ ነበረው፣ ግን ሦስት ጊዜ ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ባወርደው አራተኛውን ተውኩት። ሁለተኛውን የሠራሁት ከቀርከሃ ነው። እንደ ላባ ይቀላል፣ በዚያ ላይ እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ቀዳዳ አለው። የባህር ዛፉ ጫፍ ላይ ግን በጥቁር ቀለም ክብ ነገር ሥዬበት ነበር፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት የከብት ዓይን ይመስላል። ምሳዬንም አሰብኩና ቀርከሃውን መረጥኩ።

ሃምሳ አለቃ መጡ። ልማድ ሆኖባቸው ጠመንጃውን ዘቀዘቁና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ወደ አፈሙዙ ውስጥ አዩ። ቀርከሃ በየስንዝሩ አንጓ አለው አይደል? የታያቸው የመጀመሪያው አንጓ ነው።

«ዝግ ነው! ይኼ ጠመንጃ ነው ዱላ?»

ብረት አግዬ አንጓውን ሁሉ በስቼ አሳየኋቸው። ያልበሳሁት የመጨረሻውን፣ ከሰደፉ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ነው። አሁንም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩ። «አሁን ገና ጠመንጃ ሆነ» አሉ። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፈጭቼ፣ ልክ የትምህርት ቤት ሰሌዳ እንደሚጠቆረው ሠላሳውንም አጠቆርኩ። አፋቸውንም ወደ ውስጥ ቀባሁላቸው። ከዚያ ቀለሙ እንዲደርቅ በሰልፉ ዋዜማ አፋቸውን ሽቅብ አቁሜ በቀበሌው አጥር ላይ ደርድሬ ቤቴ ገባሁ።

ሌሊቱን ዘነበ።

ጠዋት ሴቶቹ መሣሪያቸውን አነሡ። «ዛሬ ምነው ከበደኝ?» አሉ እትዬ ዘነበች። ሃምሳ አለቃ አንዱን በእጃቸው መዘን አደረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉልኝ። «ክብደቱን አስተካክለኸዋል፣ ጎበዝ!» እኔም ቀርከሃው ጥቂት እርጥበት ቢጠጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለቱንም ወገን ያስደሰትኩ መሰለኝ...

ከጉዞው በፊት ሰልፉን የሚጎበኝ አንድ ጓድ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መጣ። ካኪ ለብሷል፣ የሸሚዙ እጅጌ የተተኮሰበት መሥመር ሰው ይቆርጣል። እሱም ለካ የቀድሞ ወታደር ኖሯል። እትዬ ዘነበች ፊት ሲደርስ ቆመና ጠመንጃቸውን ተቀበለ። ከዚያ ወታደር የሚያደርገውን አደረገ። ሰደፉን ወደ ላይ አነሣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፈሙዙን በሌላኛው ዓይኑ ላይ ደገነ።

ግማሽ ሊትር የጠቆረ የዝናብ ውሃ ፊቱ ላይ ተደፋ።

አትሳቁ። እዚያ ማንም አልሳቀም። አንድ ዓይኑ እንደ ሙሽራ ተኩሏል፣ ጥቁሩ በጉንጩ ወርዶ ካኪው ኮሌታ ውስጥ ገብቷል። «ሁሉም አፈሙዝ ይዘቅዝቅ» አለ ቀስ ብሎ። እትዬ ዘነበች አጠገብ የቆሙት ሁለት ሴቶች ዘቀዘቁ። ሁለት ጠመንጃ አብዮቱ ፊት ሽንቱን ለቀቀ።

«ማነው ይህን የሠራው?»

ሃምሳ አለቃ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።  አሻጥር የምትለዋ ቃል ከጓዱ አፍ እስክትወጣ ብቻ እጠብቃለሁ።

«የሚጠጣ ውሃ ነው ጓድ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ምን?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፀሐይ አለ። ሰልፈኛ ውሃ ጥም ሲይዘው ሰልፉን ጥሎ ወደ ሱቅ እንዳይሄድ፣ ውሃውን በመሣሪያው ይዞ እንዲጓዝ ብለን ነው። አናጢያችን ያሰበው ነው።»

ጓዱ ወደ እኔ ዞረ። የተኳለው ዓይኑ ከሌላው ይበልጥ ያስፈራል። ከሰልፉ ውሃ የሞላ አንድ ጠመንጃ ተቀብሎ ዘረጋልኝ።

«ጠጣ» አለኝ።

ጠጣሁ። የባትሪ ድንጋይ ምን ምን እንደሚል ለማወቅ የምትጓጉ ካላችሁ፣ ዝገት ዝገት ይላል። ሆዴ ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ ተቀምጧል። ያኔ ግን ጥቁር ከንፈሬን ጠረግኩና «አሪፍ ነው ጓድ» አልኩ።

ጓዱ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ መሐረቡን አወጣ። «ይህ ነው ፈጠራ! ይህ ነው በራስ መተማመን!» አለና ለሃምሳ አለቃ ትእዛዝ ሰጠ፦ የተደፉት እንደገና ይሞሉ፣ ሠላሳውም አፈሙዝ ሰልፉ ተፈጽሞ እስኪመለስ አንዲት ጠብታ ሳትጎድል ሙሉ ይሁን። በየበዓሉም እንዲሁ ይደረግ።

ሴቶቹ ውሃ የሞላ ጠመንጃ ተሸክመው አደባባይ ደርሰው ተመለሱ። ቀርከሃው ውሃ ሲይዝ ከባህር ዛፉ ይብሳል፣ በዚያ ላይ እንዳይፈስ ቀጥ አድርጎ መያዝ አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ የእትዬ ዘነበችን ትከሻ እያየሁ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። አንዴ ጠመንጃቸውን ዘንበል ቢያደርጉ ውሃውም ሸክሙም ይወርድላቸው ነበር። አላደረጉትም፣ በእኔ ምክንያት።

አመሻሹ ላይ እትዬ ዘነበች የሥራ ቤቴ መጡ። ብድግ ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸው። እሳቸው በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ይዘው ጥግ ጥጉን፣ የጣውላ ቁርጥራጭ የማስቀምጥበትን ሁሉ ቃኙት።

«ልጄ» አሉ፣ «ያንን የባህር ዛፉን አልጣልከውም አይደል?»